የአይሲቲ ክበብ ዓመት፦ ከ64 ባይት ጋር ስንታገል

«እነሱማ ጌም ነው የሚጫወቱት» ለሚሉን ባልደረቦች መልሳችን የቡሬ የእህል ዋጋ መዝገብ ነው። የክበቡ ምርጫ፣ ቃለ ጉባኤውና የሴሚስተር ሪፖርቱ እንደ ወትሮው ተሠርቷል፤ ፋይሉ ጽሕፈት ቤት አለ።

መዝገቡን የያዝነው በስቴላር የሙከራ መረብ ላይ ነው፤ ስቴላር ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ የሚይዙት የብሎክቼይን መዝገብ ነው። ተማሪው ጥንድ ቁልፍ (አንዱ ይፋዊ፣ አንዱ ምስጢር የሆኑ ረጃጅም ኮዶች) ያወጣል፤ በይፋዊው ቁልፍ አካውንት ሲከፈትለት 10,000 የሙከራ ሉመን ያገኛል (ሉመን የስቴላር መገበያያ ነው፤ የሙከራው ግን ገንዘብ አይደለም፤ ወላጆች አትስጉ)። ከዚያ በአካውንቱ ላይ ስምና እሴት ጽፎ፣ በምስጢር ቁልፉ ፈርሞ ይልካል። በዚያው ስም ሌላ እሴት ከላከ የቀድሞው ይተካል፤ ባዶ ከላከ ይሰረዛል። እያንዳንዱ መረጃ 0.5 ሉመን ያስይዛል፤ ሲሰረዝ ይለቀቃል።

በጥር አንድ ላፕቶፕ ይዘን ቡሬ ገበያ ወረድን። የ10ኛ ሐ ተማሪያችን «የቡሬ ገበያ ነጭ በቆሎ የኩንታል ዋጋ በብር» ብላ ስም ብታወጣ ፕሮግራሙ አልቀበልም አላት። ሁላችንም ኔትወርኩን አማን። እሷ ግን ጆንያ ላይ ተቀምጣ በእርሳስ ቆጠረች፦ 21 ፊደል፣ 6 ክፍት ቦታ። በኮምፒውተር የመረጃ መለኪያ የእኛ ፊደል አንዱ 3 ባይት፣ ክፍት ቦታው 1 ባይት ነውና 63 እና 6፣ 69! ለስም የተፈቀደው 64 ነው፤ ለእሴትም እንደዚሁ። «ቡሬ ነጭ በቆሎ» አለችው፤ 23 ባይት፤ ገባ።

ነጋዴዋ ከላይ ሆነው ያዩ ነበር። «ነገ ዋጋው ሲለወጥ ማን ይደልዘዋል?»

«እኔ ብቻ ነኝ እትዬ፤ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። የዛሬው ግን ከታሪኩ አይጠፋም።»

«እንዲህ ያለ ደብተር ለደላላም ቢኖር» ብለው ሳቁ።

ጉድለትም ነበረብን። ሁለት ልጆች በአንድ አካውንት እኩል ሲልኩ አካውንቱ ለእያንዳንዱ መልእክት የሚሰጠው ተራ ቁጥር ይጋጭና የአንዱ ይወድቃል፤ ስለዚህ አንድ አካውንት ለአንድ ጸሐፊ ብለን ደነገግን። የሙከራው መረብ በየጊዜው ከባዶ ስለሚጀመር መዝገባችን ከነታሪኩ አንድ ጊዜ ጠፍቶ ከወረቀት ደብተር መልሰን ጻፍነው። የምስጢር ቁልፉን የጣለ ልጅም አለ፤ እዚህ «ይለፍ ቃል ረሳሁ» የሚባል ነገር የለም፤ በአዲስ አካውንት ጀመረ።

መብራቱስ? የምንልከው በ30 ሰከንድ ካልደረሰ ዋጋ እንዲያጣ አድርገን ስለምንፈርም፣ መሀል ላይ ሲጠፋ ሥራው እንደ አዲስ ነው። ለሚኒ ሚዲያ ስፒከር ከውስጥ ገቢ ሲገዛ አላጉረመረምንም። ለመስከረም አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚያቆይ መሣሪያ) እና የወር ዳታ፤ ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ያድርግልን።