«ሁሉንም ክፍት አድርጉት» የሚለው ምክራችሁ ይታረም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ የቴክኖሎጂ ገጽ ላይ፣ ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሲስተም ላይ ሶፍትዌር መጫን ለተቸገሩ አንባቢዎች የሰጣችሁትን ምክር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ቅን ሰው መሆናቸው ያስታውቃል፤ ሰው ከችግሩ እንዲገላገል ፈልገው ነው የጻፉት። ነገር ግን ምክሩን የተከተለ ሰው ማሽኑን ሊያበላሽ ስለሚችል ዝም ማለት አልሆነልኝም። ምክሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ኤረር ሲመጣ የመጨረሻውን መስመር ገልብጣችሁ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ፤ ያገኛችሁትን ትዕዛዝ ፊቱ ላይ ሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስኬደውን ቃል) ጨምራችሁ አስኪዱ፤ «አልተፈቀደም» ካላችሁ ሲስተሙ ፕሮግራሞቹን የሚያስቀምጥበትን የዩኤስአርን ፎልደር ቻሞድ 777 በሚባለው የፈቃድ መቀየሪያ ትዕዛዝ ለሁሉም ክፍት አድርጉት፤ ይህም ካልሠራ ፎርማት አድርጉ።

እኔ የአንድ ቢሮ 14 ኮምፒውተሮችን የምጠብቅ ሴት ነኝ። ሁሉም የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። ስቀጠር የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፤ ይህ ሥራ ወደ እኔ የመጣው የሚሠራው ሰው ሲለቅ የሚረከብ በመጥፋቱ ነው። ስለዚህ የማውቀውን ያወቅሁት ክፍል ገብቼ ሳይሆን ስክሪን ላይ የወጣውን መልእክት ቃል በቃል እያነበብኩ ነው። የምጽፍላችሁም ስለዚሁ ማንበብ ነው።

ከመጨረሻው መስመር ልነሳ። ሶፍትዌር ከሶርስ ኮዱ (ፕሮግራመሮቹ ከጻፉት ጽሑፍ) ሲገነባ ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚመራው ሜክ የሚባለው ፕሮግራም ነው። ስቱዋርት ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ1976 ቤል ላብስ ውስጥ የጻፈው ሲሆን እስከ ዛሬ እየሠራ ነው። የሜክ ሥራ ሌሎች ፕሮግራሞችን በየተራ መጥራት ነው። ከጠራቸው አንዱ ሳይሳካለት ሲመለስ ሜክ «ኤረር 1» ወይም «ኤረር 2» ብሎ ያቆማል። ለምን እንዳልተሳካ አያውቅም፤ የሚያውቀው መውደቁን ብቻ ነው። ያንን መስመር ገልብጦ መፍትሔ መፈለግ ሐኪም ፊት ቀርቦ «አሞኛል» ብቻ ብሎ ዝም እንደማለት ነው። ምክንያቱ ከዚያ በላይ ነው ያለው፤ አንዳንዴም በጣም በላይ። በተለይ ሥራው እንዲፈጥን ብለን ስምንት ወይም አሥራ ስድስት ሥራ ባንድ ጊዜ እንዲሄድ ስናዝዝ አንዱ ወድቆም ሌሎቹ የጀመሩትን እስኪጨርሱ መልእክታቸውን ማፍሰሳቸውን አይተዉም። የመጀመሪያው ስህተት መቶ መስመር ስር ይቀበራል።

ባለፈው ወር የሆነውን ልንገራችሁ። ቢሯችን ውስጥ አንድ ወጣት ባልደረባ አለ፤ ስካን የተደረጉ ገጾችን አጽድቶ የሚያቃና አንድ የቆየ ፕሮግራም ከሶርስ ኮዱ ሊገነባ ሁለት ቀን ሲታገል ከረመ። በመሀል ማሽኑን አንድ ጊዜ ፎርማት አድርጎታል። ፎርማት ካደረገ በኋላም ያው ኤረር ተመለሰበት፤ መመለሱም አይገርምም፣ የጎደለው ነገር አዲሱም ሲስተም ላይ የለምና። ሦስተኛው ቀን ላይ «እትዬ፣ እባክዎ ይመልከቱልኝ፤ እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም መሰለኝ» አለኝ።

ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ወደ ላይ ውጣ» አልኩት።

ትንሽ ወጣና ቆመ። «ገና ነው» አልኩት። እንደገና ወጣ። መስመሮቹ ስለተደበላለቁ ትቼው፣ በአንድ ሥራ ብቻ እንዲሄድና የሚወጣው ሁሉ ፋይል ውስጥ እንዲቀመጥ አድርገን እንደገና አስጀመርነው። ከዚያ ፋይሉን ከፍተን «ኤረር» የሚለው ቃል መጀመሪያ የወጣበትን ቦታ ፈለግን። መስመሩ በግልጽ የተጻፈ ነበር፦ ዜድሊብ ነጥብ ኤች፣ እንዲህ ያለ ፋይል ወይም ፎልደር የለም።

«ዜድሊብ እኮ ተጭኗል! በዓይኔ አይቼዋለሁ» አለ።

እውነቱን ነው፣ ዜድሊብ፣ ማለትም ዳታ የሚጨምቀው ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት ዝግጁ ኮድ)፣ ተጭኗል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ። ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነትና እንደ ኡቡንቱ ያሉ ከእሱ የወጡ ሲስተሞች አንድን ላይብረሪ ከፋፍለው ነው የሚያቀርቡት። አንዱ ፓኬጅ (ለመጫን የተዘጋጀ ጥቅል) ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚጠቀሙበትን ይይዛል፤ ሌላው፣ ስሙ መጨረሻ ላይ «ዴቭ» የሚል ያለበት፣ አዲስ ፕሮግራም ለመገንባት የሚያስፈልጉትን ሄደር ፋይሎች (የላይብረሪውን ፈንክሽኖች የሚያስተዋውቁ፣ ስማቸው በ«ነጥብ ኤች» የሚያልቅ) ይይዛል። ፌዶራ የሚባለው ሌላው የሊኑክስ ዓይነትና ዘመዶቹ «ዴቨል» ይሉታል። ፕሮግራም ተጠቃሚ እንጂ ገንቢ ላልሆነ ሰው ሁለተኛው ትርፍ ስለሆነ አብሮ አይጫንም። ስሙም ሁልጊዜ በግምት አይገኝም፤ የዚህኛው ስም ዴቢያን ላይ «ዜድሊብ 1ጂ ዴቭ» ነው፣ ማንም ገምቶ አይደርስበትም። ስለዚህ መገመት ትተን አፕት ፋይል የሚባለውን መሣሪያ የጎደለው ሄደር የትኛው ፓኬጅ ውስጥ እንዳለ ጠየቅነው። ፌዶራ ላይ ይህንኑ ፓኬጅ ጫኚው ዲኤንኤፍ ራሱ ይመልሳል። ስሙን ሰጠን፤ ጫንነው፤ የሁለት ቀኑ ግድግዳ በደቂቃ ፈረሰ።

ግንባታው ቀጠለና መጨረሻው አካባቢ ሌላ ስህተት ወጣ። ልጁ ፊቱ ጠቆረ፤ የተመለሰበት ያው ችግር መስሎታል። «ያው አይደለም፣ ማን እየተናገረ እንደሆነ እይ» አልኩት። አሁን የተናገረው ኮምፓይለሩ ሳይሆን ሊንከሩ ነበር። ኮምፓይለሩ እያንዳንዱን የኮድ ፋይል ለብቻው ይተረጉማል፤ ሊንከሩ የተተረጎሙትን አገናኝቶ አንድ ፕሮግራም ያደርጋቸዋል። ሊንከሩ «አንዲፋይንድ ሬፈረንስ» ሲል፣ ይህ ስም ተጠርቷል፣ ባለቤቱን ግን አላገኘሁም ማለቱ ነው። እዚህ ላይ ሄደር ፍለጋ መሄድ ድካም ብቻ ነው፤ ሄደሩማ ባይገኝ ኖሮ እዚህ ድረስም አይደረስም ነበር። የኛ ችግር የድሮው ሜክፋይል (ሜክ የሚያነበው የግንባታ መመሪያ) የሒሳብ ላይብረሪውን ከኮዱ ፋይሎች በፊት ማስቀመጡ ነበር። ሊንከሩ ተራ ጠብቆ ስለሚያነብ፣ ማንም ሳይፈልገው መጀመሪያ ላይ ያገኘውን ላይብረሪ ብዙ ሲስተሞች ላይ ትቶት ያልፋል፤ በኋላ ሲፈለግ አይመለስበትም። ወደ መስመሩ መጨረሻ ወሰድነውና አለቀ።

ፕሮግራሙ ተገነባ፣ ተጫነም። ስናስነሳው ግን ላይብረሪዬን መክፈት አልቻልኩም አለ። ይህ ደግሞ የኮምፓይለሩም የሊንከሩም አይደለም፤ ፕሮግራሙ ሲነሳ ላይብረሪዎቹን የሚጭንለት ክፍል ነው የተናገረው። አዲሱ ላይብረሪ ዩኤስአር ሎካል ሊብ ውስጥ ተቀምጧል፣ ላይብረሪዎች የት እንዳሉ የሚመዘግበው የሲስተሙ ማውጫ ግን አልታደሰም። ኤልዲ ኮንፊግ የሚባለውን ትዕዛዝ አንድ ጊዜ አስኪደን ፕሮግራሙ ተከፈተ። ልጁ ሦስቱንም መልእክቶች ከነመፍትሔያቸው ደብተሩ ላይ ጻፋቸው። ሱዶ የነካነው ሁለት ፓኬጅ ስንጭን፣ የተገነባውን ፕሮግራም ቦታው ላይ ስናስቀምጥና ማውጫውን ስናድስ ብቻ ነው። አንድም ፎልደር ለማንም ክፍት አላደረግንም።

አሁን ወደዚያ 777 ልምጣ፤ ደብዳቤውን ያስጻፈኝ እሱ ነው። ሥራውን በያዝኩ በመጀመሪያው ዓመት እኔም ልክ እንደናንተው ያለ ምክር አንብቤ ዩኤስአርን ከነሆዱ ለሁሉም ክፍት አድርጌያለሁ። ትዕዛዙ ምንም ሳይል ነው ያለቀው። ቀጥዬ አንድ ፓኬጅ ልጭን ሱዶ ስል ሱዶ ራሱ እምቢ አለኝ፦ የፋይሌ ባለቤት ሩት (የሲስተሙ ዋና አስተዳዳሪ) መሆን አለበት፣ የሴትዩአይዲ ምልክትም ሊኖረኝ ይገባል አለ። ሱዶ ተራውን ተጠቃሚ ለጊዜው የሩትን ሥልጣን የሚያሲዘው ፋይሉ ላይ ባለችው በዚያች ምልክት ነው። ቻሞድ 777 ደግሞ ፈቃዱን «መክፈት» ብቻ ሳይሆን ምልክቷን ከያንዳንዱ ፋይል ላይ ይጠርጋታል። ያጠፋሁትን ለማስተካከል ሱዶ ያስፈልገኛል፤ ያጠፋሁት ግን ሱዶን ነው። ያን ሌሊት ቢሮ አደርኩ። በማግሥቱ የሰዎች ሥራ እስከ ከሰዓት ቆሞ ዋለ፤ ሥራቸው የቆመባቸው ሰዎች ፊት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ለዚህ ነው ያ መስመር በጋዜጣ ታትሞ ሳየው የደነገጥኩት።

ሌሎቹ ምክሮቻችሁም ቢሆኑ አንድ በሽታ አላቸው፤ ሲስተሙ «ተው» ሲል እንዴት ዝም እንደሚያሰኙት ነው የሚያስተምሩት። ፓኬጅ ማኔጀሩ ቁልፉ በሌላ ተይዟል ሲል የቁልፉን ፋይል አጥፉት ትላላችሁ። ብዙ ጊዜ ቁልፉን የያዘው ከበስተጀርባ ራሱን እያደሰ ያለ ሲስተም ነው፤ ደቂቃዎች መታገሥ ይበቃል። ቁልፉ ጠፍቶ ሁለት ጭነት ባንድ ጊዜ ከሄደ የፓኬጆቹ መዝገብ ሊበላሽ፣ ፓኬጆችም በግማሽ ተጭነው ሊቀሩ ይችላሉ። የፓይተን ቋንቋ ፓኬጅ ጫኚ የሆነው ፒፕ አካባቢው በውጭ ነው የሚተዳደረው ብሎ ሲከለክል ደግሞ ክልከላውን የምታልፈዋን አማራጭ ጨምሩ ትላላችሁ። የአማራጯ ስም ትርጉሙ «የሲስተሙን ፓኬጆች ስበር» ማለት ነው፤ ሠሪዎቹ ከዚህ የበለጠ ምን ብለው ያስጠንቅቁ? ዴቢያን ይህን ክልከላ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው 12ኛው ቨርዥን ሲሆን ምክንያቱም ብዙ የሲስተሙ መሣሪያዎች ራሳቸው በፓይተን መጻፋቸው ነው። ቬንቭ የሚባለውን የተለየ ፎልደር መፍጠር የአንድ መስመር ትዕዛዝ ነው፤ ውስጡ የፈለጉትን ቢጭኑ ሌላውን አይነካም።

አንድ ነገር ደግሞ ከጽሑፋችሁ ፈጽሞ ቀርቷል፤ እኔ ግን ለጀማሪ ከሁሉ በፊት የምነግረው እሱን ነው። አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ የጫኙ አይደለም። ኮዱ አርጅቶ ነው። ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው 10ኛው ቨርዥን ጀምሮ፣ ድሮ በዝምታ ያልፈው የነበረውን፣ አንድ ተለዋዋጭ (ዋጋ የሚያዝበት ስም) ሁለት ፋይል ላይ መፈጠሩን፣ «ተደጋግሟል» ብሎ ማስቆም ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 14ኛው ደግሞ ሳይታወጅ የተጠራን ፈንክሽን ከማስጠንቀቂያ ወደ ስህተት አሸጋገረው። ፓይተን 3.12 እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ የድሮውን የመጫኛ መሣሪያ ዲስትዩቲልስን ይዞ አልመጣም፤ በሱ ላይ የቆሙ ብዙ የድሮ መጫኛዎች በአንድ ጊዜ ወደቁ። ያ ወጣት «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ያለኝ ይህን የሚነግረው ሰው በማጣቱ ነው። የሶርስ ኮዱ መቼ እንደወጣ አይቶ ከኮምፓይለሩ ቨርዥን ጋር ማስተያየት ስንቱን ሰው ራሱን ከመውቀስ ባዳነው!

ሁለት ትናንሽ ነገሮች፣ ሳልረሳቸው። ኮምፓይለሩ ያለ ምንም ምክንያት «ተገደለ» ከተባለ ብዙ ጊዜ ሜሞሪ አልቆ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ገድሎት ነው፤ ባንድ ጊዜ የሚሄደውን ሥራ ቁጥር መቀነስ ነው። የምትገነቡበት ፎልደር ስም ውስጥም ክፍት ቦታ አይኑር። «አዲስ ሥራ» ብሎ የሰየመ ሰው አጋጥሞኛል፤ ሜክ ስሞችን የሚለየው በክፍት ቦታ ስለሆነ ሁለት ፎልደር አድርጎ ነው ያነበበው።

የምለምናችሁ፣ ቢያንስ 777 ያለበትን ምክር በሚቀጥለው እትም በዚያው ገጽ ላይ እንድታርሙ ነው። ያንን ትዕዛዝ ቀድሞ ያስኬደና ሱዶ እምቢ ያለው አንባቢ ካለ ደግሞ ይህን አትሙለት፦ ፎርማት አያድርግ፤ ፋይሎቹ አልጠፉም። ከፍላሽ በሚነሳ ሊኑክስ ገብቶ መጀመሪያ የግል ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጥ። ከዚያ ለጥገና በሚነሳበት በሪከቨሪ ሞድ ውስጥ በሩት ይግባ። ዲስኩ ለንባብ ብቻ ተከፍቶ ከሆነ ለመጻፍ እንዲፈቀድ እንደገና ይክፈተው፤ የሱዶን ፋይል ፈቃድ ምልክቷን ወደያዘው ቁጥር ወደ 4755፣ ሱዶኧርስ ነጥብ ኤስኦ የሚባለውን የሱዶ ላይብረሪ ደግሞ ወደ 644 ይመልስ፤ ይህኛው ለሁሉም ክፍት ሆኖ ከቀረ ሱዶ አሁንም እምቢ ይላል። ሱዶ ከተመለሰ በኋላ ፓኬጆቹን በፓኬጅ ጫኚው በአፕት እንደገና ይጫናቸው፤ እነ ፓስወርድ መቀየሪያውና ዲስክ የሚያያይዘው ማውንት የተነጠቁትን ምልክት በዚያ መንገድ ያገኛሉ። ጊዜ ይወስዳል፤ እኔም አንድ ሌሊትና ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። ግን ይመለሳል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ