የጾም ጎመንና የእናቴ ዋርፋሪን

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ስለ ጾም ምግብ ሲጻፍ ሁሌ የሚነሳው ቢ12 እና ብረት ነው። ደም እንዲረጋ የሚረዳውን ቫይታሚን ኬን የሚያነሳው የለም። እናቴ የልብ ቫልቭ ከተቀየረላት ወዲህ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን መድኃኒት፣ ዋርፋሪንን ትወስዳለች። ሁዳዴ ሲገባ ጎመኑ የየቀን ሆነ፤ በዚያ ላይ አንድ ፋርማሲ «ለጾም ድካም ጥሩ ነው» ብሎ መልቲቫይታሚን ሸጠላት፣ ምን መድኃኒት እንደምትወስድ እንኳ ሳይጠይቃት። ጎመኑም ክኒኑም ውስጥ ኬ አለ። ዋርፋሪን ደግሞ የሚሠራው የኬን ሥራ በመግታት ነው። ስትመረመር መድኃኒቱ በቂ ሥራ እየሠራ እንዳልሆነ ታየ። በጣም ደነገጥን።

ጤነኛ ጿሚ ለኬ ብሎ ክኒን መግዛት አያስፈልገውም። ለአዋቂ ሴት በቀን 90፣ ለወንድ 120 ማይክሮግራም ይበቃል፤ ግማሽ ኩባያ የበሰለ አረንጓዴ ጎመን ከዚያ ያልፋል፣ ዘይት ስላለበትም ሰውነት በደንብ ይወስደዋል። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰውም ቢሆን ጎመን እርም አይደለበትም፤ ዋናው ነገር መጠኑ ከሳምንት ሳምንት እንዳይዘበራረቅ ነው። ጾም ሲያዝም ሲፈታም ለሐኪም ነግሮ ደም መታየት ያስፈልጋል።

እባካችሁ፣ የሚቀጥለው ሁዳዴ ሳይገባ አንድ የልብ ሐኪም አነጋግራችሁ ሰፋ አድርጋችሁ ጻፉልን።