ልጆቹም ይመልሱ

ጤና ይስጥልኝ የዝግጅት ክፍሉ፤

ሰሞኑን እዚህ ደብረ ማርቆስ ከተረት የተወሰደ የልጆች ቴአትር አየሁ። ደስ ብሎኝ ነበር የገባሁት። ግን አስተባባሪዎቹ በየመሀሉ «ዝም በሉ!» እያሉ ልጆቹን ይቆጡ ነበር። አዘንኩ።

የእኛ ተረት እኮ ዝምታ አይወድም። አያቴ «ተረት ተረት» ስትል እኛ «የላም በረት» ካላልን አትጀምርም ነበር። በእንቆቅልሹም መልሱን ያላወቀ አገር ይሰጣል።

እስቲ አህያዋንና አያ ጅቦን እናስብ። ጅቡ ከላይ፣ አህያዋ ከታች ሆነው ከወንዝ ይጠጣሉ። ጅቡ «ውሃውን አደፈረስሽብኝ» ይላታል። እሷም «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» ትለዋለች። ይህን ለመድረክ ማዘጋጀት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ረጅም ሰማያዊ ጨርቅ በልጆቹ መሀል ይዘርጋ። ዳርና ዳሩን ይዘው እያወዛወዙ ራሳቸው የጨሞጋን ወንዝ ይሁኑ። ከዚያ አህያዋ ዞር ብላ ትጠይቃቸው፦ «ልጆች፣ ውሃው ወዴት ነው የሚወርደው?» አዳራሹ በጩኸት ይመልሳል። ጅቡ ግን አልሰማም ይበል። ልጆቹ ይናደዳሉ። ተረቱ የገባቸው ያኔ ነው።

መጨረሻውን ግን አታለሳልሱት እላለሁ። ጅቡ ይብላት። ትንንሾቹ ከከፋቸው ተዋናዮቹ ከመድረክ ወርደው አብረዋቸው ይቀመጡና «እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?» ብለው ይጠይቋቸው። እባካችሁ ለዚህ ጊዜ ስጡ፣ አታጣድፏቸው። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» የሚለው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

አክባሪያችሁ፣
የሁለት ልጆች እናት፣ ከደብረ ማርቆስ