ቢላህ እኔ ጋ ነው

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ቁልቁለት ላይ ትንሽ ይለግማል እንጂ ሌላው ሁሉ ሰላም ነው።

ሦስት ዓመት ሞላን። ቁጥርህን ስንት ጊዜ አውጥቼ መልሼ እንደተውኩት አትጠይቀኝ። "ምን ብዬ ልጀምር" ስል ጊዜው ነጎደ። ከዚያ ዝምታው ራሱ ሌላ ጥፋት ሆነ፤ እሱንም ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው። በቃ፣ መጻፍ ይሻላል አልኩ። ስጽፍ ቢያንስ አታቋርጠኝም።

የተኳረፍንበትን ነገር አንተም ታውቀዋለህ። ግን የማታውቀው ግማሽ አለ። ከማደናችን በፊት በነበረው ማታ ጠመንጃውን ከመኪናው ኋላ ሳወርድ አመለጠኝ። ድንጋዩን ቀድሞ የነካው ላዩ ላይ የታሰረው የማነጣጠሪያ መነጽር ነው። አንስቼ አየሁት፤ መስታወቱ አልተሰበረም። አቧራውን በእጅጌዬ ጠረግ ጠረግ አድርጌ ዝም አልኩ። ብነግርህ "ተዛንፎ ይሆናል፤ ሳንሞክረው አንሄድም" እንደምትለኝ አውቅ ነበር። ከተኮስን ደግሞ አካባቢው ሁሉ ይደናገጣል፣ ጠዋቱ ያመልጠናል። ስለዚህ ዋጥ አደረግኩት።

የቀረውን አብረን አይተናል። አጋዘኑ በጎኑ ቆመልኝ፤ 150 ሜትር ቢሆን ነው። ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ሳንባው ላይ አነጣጠርኩ። ጥይቱ ሆዱን መታው። አንተ ጎንበስ ብለህ ደሙን አየህ፣ አሸተትከው። ጠቆር ያለ፣ የጨጓራ ሽታ ያለው ደም። የሳንባ ቢሆን ኖሮ ደማቅና አረፋ ያለው ይሆን ነበር። "ቁጭ እንበል፤ ሆዱን የተመታ ካላባረሩት ቅርብ ነው የሚተኛው" አልከኝ። አንተ ብዙ ሰዓት ልትጠብቅ ተዘጋጅተሃል። እኔ ሃያ ደቂቃ እንኳ አልቆየሁም። ተነስቼ ገባሁበት። ከተኛበት ብድግ ሲል ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ ሰማን እንጂ አላየነውም። እስኪመሽ ፈለግን፣ በነጋታውም ፈለግን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የምለቅመውም አላገኘሁ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ "አንተ መቀመጥ አትችልም" አልከኝ። ነደደኝ። ብዙ ነገር ተናገርኩህ። መነጽሩን ግን ያኔም አልነገርኩህም። ጠመንጃውን በኋላ ሸጥኩት፤ ለገዢው መነጽሩ እንደወደቀ በግልጽ ነገርኩት። ለማላውቀው ሰው የነገርኩትን ላንተ መደበቄ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ይቅርታ አድርግልኝ። ይህን ለማለት ነው ሦስት ዓመት የፈጀብኝ።

ከዚያ ወዲህ ምን እንደያዘኝ ብነግርህ ትስቃለህ። አሣ ማጥመድ። ያውም በላባ! መንጠቆ ላይ ክርና ላባ ጠምጥመህ ዝንብ ታስመስላለህ፣ ከዚያ ትራውት የሚባለው አሣ እንዲሸወድልህ ትለምናለህ። የዘመናችን ፋሽን እንዳይመስልህ። ከ1,800 ዓመት በፊት የመቄዶንያ ሰዎች መንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ጠምጥመው፣ የአውራ ዶሮ ላባ ጨምረው እንዲሁ ያጠምዱ እንደነበር ተጽፎ ይገኛል።

መጀመሪያ ግራ ያጋባኝ አወራወሩ ነው። በተለመደው ማጥመጃ የምትወረውረው ክብደቱን ነው፤ እርሳሱ ይበራል፣ ክሩ ይከተላል። እዚህ ግን ዝንቧ ክብደት የላትም። ከባዱ ክሩ ነው፤ የሚወረወረውም እሱ ነው። ዝንቧ ጫፉ ላይ በቀጭን ናይለን ታስራ ትከተለዋለች። ስለዚህ ዘንጉን ወደ ኋላ ስታነሳ፣ ክሩ ከጀርባህ ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋ መቆም አለብህ። ካልቆምክ ክሩ እንደ ጅራፍ ይጮሃል፣ ዝንቧም ተበጥሳ ትቀራለች። በመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ዝንብ እንዲህ ጨረስኩ። አሥራ ሁለተኛዋ ጆሮዬ ላይ ተሰካች።

ከማዶ ያጠምዱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሲታዘቡኝ ቆይተው "ልጄ፣ ዞረህ እየው እንጂ" አሉኝ። አንገቴን አዙሬ አየሁት። ክሩ አየር ላይ እንደ ተጠቀለለ ምንጣፍ እየተፈታ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ከዚያ ቀጥ ይልና ለአፍታ ይንሳፈፋል። ያቺን አፍታ ጠብቀህ ወደፊት ከገፋኸው ዝንቧ ያሰብከው ቦታ ላይ ታርፋለች። መኪና ውስጥ ያልከኝ ነገር ያኔ ትዝ አለኝ። ወንዝ መሃል ቆሜ ብቻዬን ሳቅኩ። ሽማግሌው አበደ ብለው ሳይሆን አይቀርም።

ሌላም ነገር ተማርኩ። አሣ ከውሃ ውስጥ ወደ ላይ ሲያይ፣ ከውሃው በላይ ያለው ዓለም የሚታየው በአንድ ክብ መስኮት በኩል ነው። ብርሃን ውሃ ሲገባ ስለሚታጠፍ፣ ከዳር እስከ ዳር ያለው ነገር ሁሉ 97 ዲግሪ ገደማ ስፋት ባለው መስኮት ውስጥ ተጨምቆ ይገባል። ዝቅ ካልክ የመስኮቱ ጠርዝ ላይ ተጨፍልቀህ ስለምትታይ ልብ አይልህም። እኔም ተንበርክኬ ነው የማጠምደው። ጉልበቴ የለገመው በዚህ ነው እንጂ በእርጅና አይደለም።

አሁን፣ ሙቀቱ ሊሰናበት ሲል ያለው ጊዜ ደስ ይላል። ሣሩ ይደርቃል፣ ፌንጣ ይበዛል፣ ነፋስ ሲነሳ ፌንጣው ወንዝ ውስጥ ይወድቃል። ትራውቱም ዳር ዳሩን ይዞ ይጠብቃል። የፌንጣ አምሳያውን ጧ አድርገህ ብትጥልለት አይከፋውም፤ ፌንጣ መቼ በቀስታ ይወድቃል? አስቸጋሪው የውሃው ሙቀት ነው። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ወደ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ትራውት ይጨነቃል፤ ታግሎ ከደከመ በኋላ ብትለቀውም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ቴርሞሜትር በሲባጎ አስሬ ይዣለሁ። ገና ሳይነጋ እጀምራለሁ፤ 19 ካነበበ ዘንጌን ነቃቅዬ ወደ ቤት። የመንጠቆዎቹን ትንሿን እሾህ በፒንሳ ጨፍልቄያታለሁ። ሳላርጥብ እጄን አሣ አላስነካም።

እንዲህ በጊዜ ሥራ ሲፈታ ነው አደኑ መልሶ የጠራኝ። አንድ ማታ ከወንዙ ማዶ ሦስት ወንድ አጋዘኖች አብረው ሲግጡ አየሁ። በዚህ ወቅት ወንዶቹ ገና አልተጣሉም። ቀንዳቸው ፀጉራም ለስላሳ ቆዳ ለብሷል፤ ደም የሚዘዋወርበት፣ የሚያድገውን ቀንድ የሚመግበው ቆዳ። ቀንዱ ሲጠነክር ይደርቅና እንጨት ላይ እየፈተጉ ይልጡታል። ቁጭ አልኩ። አዎ፣ እኔ ቁጭ አልኩ። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ!

ከዚያ ወዲህ ወር ሙሉ ተመላልሻለሁ። የሚያድሩበት ጥሻ ውስጥ አልገባም፤ ከሩቅ ነው የማያቸው። ደብተር ይዣለሁ፤ ሰዓቱን፣ የመጡበትን አቅጣጫ፣ ነፋሱን እጽፋለሁ። ነፋሱን በተለይ። ፀሐይ ሳትወጣ ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል ይወርዳል፣ መሬቱ ሲሞቅ ደግሞ ሽቅብ ይዞራል። ከላይ ሆነህ በጠዋት የጠበቅካቸው እንደሆነ ሽታህ ቀድሞህ እነሱ ዘንድ ይደርሳል። ይህን አንተ ነህ ያስተማርከኝ፤ ግን የነፋስ ማያውን ዱቄት ከትንሿ ጠርሙስ ብን እያደረግኩ በዓይኔ ሳየው ነው የገባኝ። ጫማዬንም ከአሁኑ ማለማመድ ጀምሬያለሁ። ያን የተረከዜን ቁስል አልረሳሁትም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ወሬ። ጠመንጃ ገዛሁ።

ፈቃዱንና ወረቀቱን አስቀደምኩ። የሚቆለፍ ሣጥንም ጠመንጃው ሳይገዛ ነው የገባው። መጀመሪያ የሄድኩበት ሻጭ 300 ማግነም የሚባለውን ኃይለኛ ጥይት የሚተኩስ ካልወሰድክ ብሎ ሙጭጭ አለ። እንደሱ ከሆነ ተራራውን ራሱ ልገድል ነው። ማግነም ትከሻህን አንዴ ሲጎሽምህ ሰውነትህ ይማራል፤ በሚቀጥለው ምላጩን ሳትስብ ዓይንህ ይጨፈናል። እኔ የምፈልገው ሳልፈራ ደጋግሜ የምተኩሰውን ነው። 308 ዊንቸስተር የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ ወሰድኩ። ጥይቱ እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣ ነው፤ 30-06 ከሚባለው ከ1906ቱ ጥይት ቀለሁ ያጥራል፣ ለአጋዘን ግን ከበቂ በላይ ነው። አንተ በ30-06ህ እንደምትምል አውቃለሁ። ተወው፣ አንጨቃጨቅ።

ያገለገለ ነው የገዛሁት። "ባዶ ነው" አለኝ ሻጩ። እሺ ብዬ ቃታውን፣ ማለትም ጥይት የሚያጎርሰውንና በርሜሉን ከኋላ የሚዘጋውን ተንሸራታች ብረት ከፍቼ፣ ካዝናውን አውጥቼ፣ የጥይቱን መግቢያ በጣቴ ዳሰስኩ። ከዚያ ቃታውን ነቅዬ በርሜሉን ወደ ብርሃን አዞርኩ። ከኋላ ሳየው ጠመዝማዛ መስመሮቹ ጥርት ብለው ይታያሉ፤ የዝገት ጉድጓድ የለም። አፈሙዙን በጥፍሬ ዙሪያውን ጫርኩት፤ ጭረት ካለበት ጥይቱ ሲወጣ ይዛነፋል። የብሎኖቹን ራስ አየሁ። ከዚያ በፊት ያየሁት ጠመንጃ ብሎኖቹ ሁሉ ተፋፍቀው ነበር፤ እጅ የበዛበት ነገር አልወድም፣ ጥዬው ወጣሁ። ይኸኛው ንጹሕ ነው። ቃታው የ1898ቱን የማውዘር አሠራር የተከተለ፣ ከፊት ሁለት ጥርስ ያለው። መጨረሻ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ትከሻዬ ላይ አስደገፍኩት። ስገልጥ በመነጽሩ ውስጥ ሙሉ ክብ ታየኝ፤ አንገቴን ማንቀሳቀስ አላስፈለገኝም። ሰደፉ ለእኔ የተጠረበ ይመስላል።

መነጽሩን ራሴ አሰርኩት። ማታ ማታ በባዶው እለማመዳለሁ፤ ጥይቱ ሌላ ክፍል ተቆልፎበት። ጫፉ ላይ ሳንቲም አስቀምጬ ምላጩን እስባለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ሳንቲሙ ሲወድቅ ሲወድቅ ጎረቤት ሳይሰማኝ አልቀረም። አሁን ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ አይነቃነቅም።

ባለፈው ቅዳሜ 100 ሜትር ላይ ሦስት ተኮስኩ። ሦስቱም 4 ሴንቲሜትር ውስጥ ተሰበሰቡ፣ ግን ከመሃሉ 6 ሴንቲሜትር ወደ ግራ። ድሮ ቢሆን በመጀመሪያዋ ጥይት ነበር መነጽሩን ማዞር የምጀምረው። አሁን ሦስቱን ጨርሼ፣ በርሜሉ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ ነው የነካሁት። የመነጽሩ ማስተካከያ አንዴ ቀጭ ሲል፣ አንድ ቀጭታ እንበለው፣ በዚያ ርቀት 7 ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚያንቀሳቅሰው። ስምንት ቀጭታ ወደ ቀኝ። ቀጣዮቹ ሦስት መሃል ገቡ። ከዚያ ተንበርክኬ 20 ሴንቲሜትር ክብ ካርቶን ላይ ሞከርኩ፤ የአጋዘን ልብና ሳንባ በዚያ ልክ ነው። ከአሥር ሰባት። ሦስቱ የት እንደሄዱ አስበው። ስለዚህ ሳልደገፍ አልተኩስም ብያለሁ። በመደገፊያ እንጨት አሥሩም ገብተዋል።

ሰደፉ ላይ አንድ ነጭ ፕላስተር ለጥፌያለሁ። በእስክሪብቶ "ወድቋል?" ብዬ ጽፌበታለሁ። ጉንጬን ሳሳርፍ ፊት ለፊቴ ነው።

ወቅቱ ሊከፈት ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ልለምንህ የፈለግኩት ይኸን ነው፦ ከመክፈቻው በፊት ባለው ቀን ናና የመጨረሻዎቹን ሦስት ጥይቶች አብረን እንተኩሳቸው። የሩቅ ማያ መነጽርህን ይዘህ ዒላማው ላይ አንተ አንብብልኝ። በማግስቱ ፊተኛው ቦታ ያንተ ነው፤ እኔ ከኋላህ እቀመጣለሁ። አልመጣም ካልክም አልቀየምህም። አሣውን ግን እምቢ አትበለኝ፤ ዘንግ ሁለት አለኝ፣ ዝንብ የምትሰካበት ጆሮም አለህ።

ደግሞ ቢላህ እኔ ጋ ነው። ያን ቀን ስትወርድ መኪናው ውስጥ ረስተኸዋል፣ ወይም ተናደህ ትተኸዋል። ሦስት ዓመት ዘይት ስቀባው ነበር። ትናንት በድንጋይ ስየዋለሁ፤ የክንድ ፀጉር ይላጫል። ጫፉ ላይ ያለችው ጉድፍ ግን አለች፤ ያንተ ምልክት ስለሆነች አልነካኋትም። በፖስታ አልልከውም። መጥተህ ውሰደው።

ወንድምህ