የቪዛው ቀን ያለፈበት ሁሉ ሕገወጥ አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

አሜሪካ ውስጥ ስላሉ ጊዜያዊ የውጭ ሠራተኞች ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ባላነበውም አያመልጠኝም ነበር፤ ያልላከልኝ ዘመድ የለምና። ሌላውን ልተወው። ቪዛቸው አልፎ እየሠሩ ያሉትን በጅምላ «ሕገወጥ» ያለችው መስመር ግን አላስተኛ አለችኝ።

እኔ ከእነዚያ አንዱ ነኝ። ፓስፖርቴ ላይ ያለው ቪዛ ካለፈበት ቆይቷል። ሥራ እገባለሁ፣ ግብር እከፍላለሁ፣ የጣስኩት ሕግ ደግሞ የለም።

ፓስፖርት ላይ የሚለጠፈው ቪዛ የሚያገለግለው ለመግባት ነው። ከገባን በኋላ እስከ መቼ መቆየት እንደምንችል የሚወስነው አይ-94 በሚባለው መዝገብ ላይ ያለው ቀን ነው። የመሥራት መብቱ የሚመጣው አሠሪው አስገብቶ ከጸደቀለት ማመልከቻ ነው። በኤች-1ቢ፣ ማለትም ለባለሙያ ሠራተኞች በሚሰጠው ጊዜያዊ የሥራ ቪዛ ለመጣ ሰው ይህ በአንድ ጊዜ እስከ 3 ዓመት ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ በድምሩ ከ6 ዓመት አያልፍም። የሚራዘመው እዚያው አሜሪካ ውስጥ እያለን ነው። አዲሱ አይ-94 ከማጽደቂያው ወረቀት ግርጌ ላይ ታትሞ ይመጣል። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ቪዛ ማንም አይነካውም። እንዲያውም አሠሪው ማራዘሚያውን ቀኑ ሳያልፍ ካስገባ፣ መልስ እየተጠበቀም ቢሆን ለዚያው አሠሪ እስከ 240 ቀን መሥራት ይቻላል። ሰው ሲቀጠር የሚሞላው አይ-9 ቅጽም የቪዛው ቀን መቼ ያልፋል ብሎ አይጠይቅም። የአሜሪካ መንግሥት ያልጠየቀንን ጋዜጠኛችሁ ጠየቀን።

የገረመኝ ደግሞ ለኢትዮጵያውያን እየጻፋችሁ የእኛን ጉዳይ መዝለላችሁ ነው። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው አብዛኛው ጊዜያዊ ቪዛ የ3 ወር፣ ያውም ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ሆኗል። በእናንተ ስሌት እንግዲህ 3 ዓመት እንዲሠራ የተፈቀደለት ሰው በአራተኛው ወር ወንጀለኛ ይሆናል ማለት ነው። ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ እንኳ ያልታየውን አይታችሁለታል፤ ቢቀጥራችሁ አይጎዳም።

ዘገባው በወጣ ሰሞን አጎቴ ደውሎ «መቼ ነው የሚመልሱህ?» አለኝ። የቤት አከራዬ፣ የአገሬ ሰው ናቸው፣ ወረቀቴን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። የማጽደቂያውን ወረቀት ከነቀኑ አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩትና «ጋዜጣው ግን እንዲህ አይልም» አሉኝ። ምን ይባላል?

ያለፈ ቪዛ ችግር የለውም እያልኩ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ስንወጣ ነው። አንዴ ከወጣን፣ ለመመለስ አብዛኞቻችን ኤምባሲ ሄደን አዲስ ቪዛ ማስመታት አለብን። ቀጠሮው መቼ ይገኛል? ተጨማሪ ማጣሪያ ውስጥ ቢገባስ? እስከዚያ አሠሪው ይጠብቃል? ይህን ሁሉ አስቤ አባቴ ሲሞት ሳልሄድ ቀረሁ። ወንድሞቼ ቀበሩት፣ እኔ በስልክ አለቀስኩ። እንደኔ ያለው ብዙ ነው። በ2024 መጀመሪያ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከአገር ሳይወጡ የኤች-1ቢ ቪዛ ማሳደስን ለ20,000 ያህል ሰዎች ሞክሮ ነበር። ዕድሉን ያገኙት የቀድሞ ቪዛቸው ህንድ ወይም ካናዳ የተመታላቸው ናቸው። እኛ የለንበትም። የሚጻፍ ነገር ከጠፋ ይኸው።

ያለ ፈቃድ የሚሠራ የለም አልልም፤ አለ። አይ-94ቱ አልፎ፣ ማራዘሚያም ሳይገባለት የሚሠራ ሰው ችግር ውስጥ ነው። ከሥራ የተሰናበተም እስከ 60 ቀን ሊቆይ ይችላል እንጂ በዚያ ጊዜ እንደፈለገ መሥራት አይችልም። ስለ እነሱ ጻፉ፣ ማን ከለከላችሁ! ብቻ መጀመሪያ የትኛው ቀን እንዳለፈባቸው ጠይቁ። ለአንድ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ስልክ መደወል ይህን ያህል ይከብዳል?

እርማት እጠብቃለሁ። ዘገባው በወጣበት ቦታ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይሁን። ከገጹ ግርጌ በጥቃቅን ፊደል ካወጣችሁት አከራዬ አያነቡትም።