አልሐምዱሊላህ፣ ዲፌንሱ አለፈ፤ አላህ ይስጥልን

በዘመናዊው የዐረብኛ ልቦለድ ላይ ስሠራው የቆየሁት የዶክትሬት ጥናት ባለፈው ሳምንት ተጠናቀቀ። ጦርነቱ ሲነሣ ካርቱም የሆነውን፣ በድንበሩ በመተማ እንዴት እንደወጣን ታውቁታላችሁ፤ አልደግመውም። በሚያዝያ 2015 መጻሕፍቴም ማስታወሻዎቼም እዚያው ቀሩ።

ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራው እህቴ እታለም ባትኖር ኖሮ ዛሬ ምንም አልጽፍም ነበር። ያጠናሁት የሱዳናዊው ጠይብ ሷሊሕ «የስደት ወቅት ወደ ሰሜን» መጀመሪያ የወጣው በ1966 እ.ኤ.አ. «ሒዋር» በተባለ የቤይሩት መጽሔት ላይ ነው። መጽሔቱ ድጎማው ከአሜሪካው የስለላ ድርጅት ከሲ.አይ.ኤ. እንደሚመጣ ሲጋለጥ በማግሥቱ ዓመት ተዘጋ። ያን ቅጂ ከኋለኞቹ እትሞች ጋር ሳላስተያይ ጥናቴ አይቆምም፤ የነበረኝ ኮፒ ደግሞ ካርቱም ነው።

እታለም ዐረብኛ ትናገራለች እንጂ አታነብም። የመጽሔቱን ስም ጽፌ በስልክ ላክሁላት። እሑድ እሑድ፣ በዕረፍቷ፣ ሐምራ ሰፈር ያሉትን የአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች እየዞረች ፊደሉን ከየሽፋኑ ጋር ታመሳክራለች። «ለምንሽ ነው?» ሲሏት «ወንድሜ ዶክተር ነው» ትላለች፤ ገና ሳልሆን! አገኘችው። በደመወዟ ገዝታ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፤ በየገጹ ጠርዝ አውራ ጣቷ አለ። ይኸው አሁንም ስጽፈው ዕንባዬ ይቀድመኛል።

ስለ ልቦለዱ ስደተኛ ስለ ሙስጠፋ ሰዒድ ስንት ምሁር ጻፈ! ልቦለዱን ፈልጋ ያገኘችልኝ ስደተኛ ግን በግርጌ ማስታወሻ እንኳ የምትገባበት ወግ የለም። እኔ መጀመሪያው ገጽ ላይ አስገብቻታለሁ።

አማካሪዬ፣ እርስዎ ቤትዎንም ቤተ መጻሕፍትዎንም ጥለው ካይሮ ተሰደው ሳለ ምዕራፎቼን በዋትስአፕ ሲያርሙልኝ ከረሙ። አላህ ወደ ቤትዎ ይመልስዎ።

ተማሪዎቼ፣ የፍልስጤማዊውን ደራሲ የገሳን ከነፋኒን ልቦለድ ስናነብ፣ በውሃ ቦቴ ውስጥ ኩዌት ድንበር ላይ ታፍነው የሞቱት ሦስት ፍልስጤማውያን ዘንድ ስንደርስ፣ ዐረብ አገር ስላሉት እህቶቻችሁ ያወራችሁት ከእኔ ማብራሪያ በልጦ ነበር።

መተማ ላይ የተቀበላችሁን፣ የደሴ ጎረቤቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ዱዓ ያደረጋችሁልኝ ሁሉ፣ ጀዛኩሙላህ ኸይር። ስማችሁን ያልጠራሁ ብዙ ናችሁ፤ አውፍ በሉኝ።

ሰደቃው የፊታችን እሑድ ደሴ እናታችን ቤት ነው። እታለምንም በቪዲዮ እናስገባታለን፤ እንዳትቀሩ።