ትራንዚስተሩን ስትቀይሩ ለምን አልነገራችሁኝም?

ይድረስ የጊታር ፔዳል መሥሪያ ኪት ለምትሸጡት፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። ከእናንተ የዲስቶርሽን ፔዳል፣ ማለትም የጊታርን ድምፅ የሚያሻክረውን፣ መሥሪያ ኪት ገዝቻለሁ። ገንዘቡን በሞባይል ባንኪንግ አስገባሁ፣ ዕቃው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣልኝ። እስከዚህ ድረስ ምንም ቅሬታ የለኝም፤ አስተሻሸጉም ጥሩ ነበር። ያናደደኝ ከውስጡ የወጣው ዕቃ እና ከዚያ በኋላ የሰጣችሁኝ መልስ ነው።

መመሪያችሁ ድምፁን የሚያጎላው ትራንዚስተር ቱ-ኤን 3904 ነው ይላል። ሥዕሉም ጠፍጣፋ ፊቱ ወዴት እንደሚዞር በግልጽ ያሳያል። ፌስታሉ ውስጥ የነበረው ግን ቢ-ሲ 547 ነው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ብታስቀምጧቸው ለዓይን አንድ ናቸው፤ ጥቁር፣ ግማሽ ክብ፣ ሦስት እግር። ጽሑፉ በጣም ደቃቅ ስለሆነ መብራት ሥር አዘንብሎ ካላዩት አይነበብም። ገና የሚማር ሰው ደግሞ ሥዕሉን አምኖ ሥዕሉ እንዳለው ይተክላል። መመሪያ የሚሰጠውም እኮ ለዚያ ነው።

ችግሩ ያለው እግሮቹ ላይ ነው። ቱ-ኤን 3904ን ጠፍጣፋ ፊቱን ወደ እናንተ፣ እግሮቹን ወደ ታች አድርጋችሁ ስታዩት ከግራ ወደ ቀኝ ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር ነው። ቢ-ሲ 547 የዚህ ግልባጭ ነው፤ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር። ቤዙ መሃል ስለሆነ ከቦታው አይነቃነቅም፣ ዳርና ዳሩ ግን ይቀያየራሉ። ስለዚህ በእናንተ ሥዕል ቢ-ሲ 547 የተከለ ሰው ሁሉ ትራንዚስተሩን ገልብጦ ተክሏል ማለት ነው። ክፋቱ ደግሞ የተገለበጠ ትራንዚስተር ጭራሽ ዝም አይልም። አይጨስም፣ አይግልም፣ ትንሽ ትንሽ ይሠራል፣ የማጉላት አቅሙ ግን ይሞታል። ምንም ድምፅ ባይወጣ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ የቱ ጋ እንደተቋረጠ መፈለግ ይቀላል።

እኔ ጋ የወጣው ድምፅ የታፈነና ፍሽሽ የሚል ነበር። ፔዳሉን የፈለግኩት የባቲን ቅኝት በዲስቶርሽን ለመጫወት ነው፤ አንዱን ኖታ ይዤ እንዲያለቅስ፣ እንዲረዝም። የናንተ ፔዳል ላይ ኖታው ገና ክሩን እንደለቀቅኩት ይሞታል። ፔዳሉን አጥፍቼ ጊታሩን በቀጥታ ወደ አምፕ (ድምፅ ማጉያው) ስለቀው የተሻለ ይጮሃል።

ደወልኩላችሁ። ስልኩን ያነሳው ልጅ ነገሬን ሳልጨርስ «ጀማሪ ነህ አይደል? ሶልደርህ ነው» አለኝ፤ ዕቃዎቹን ቦርዱ ላይ ያጣበቅኩበትን ብየዳ ማለቱ ነው። ስንት ቮልት ይነበባል አላለኝም። ፎቶ ላክ አላለኝም። በራሴ ጊዜ ቴሌግራም ላይ የላክሁት ፎቶ ታይቷል፣ መልስ ግን የለም። የጀማሪ ችግር ብዙ ጊዜ ሶልደር እንደሆነ አውቃለሁ። በደንብ ሳይሞቅ የተጣበቀ ሶልደር ፈዘዝ ብሎ ይኮማተራል፣ ከላይ የተያያዘ ይመስላል እንጂ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ግን ይሄ ሳይታይ የሚባል ነገር አይደለም። እናንተን ሰምቼ እያንዳንዱን ነጥብ እንደገና አሞቅኩ፣ አንዳንዱንም ነቅዬ ተከልኩ። ይኸው በዚህ መሃል ቦርዱ ላይ ካሉት የመዳብ ቀለበቶች አንዱ ከሙቀት ብዛት ተላቀቀ። አሁን እዚያ ቦታ ላይ በቁራጭ ሽቦ ነው የተቀጠለው። ጤነኛ ቦርድ ነበር፣ በናንተ ምክር ነው የተበላሸው።

በመጨረሻ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ አንድ ጋሼ ጋ ወሰድኩት። ቦርዱን ገልብጠው አዩና «አብሽር፣ እጅህ ደህና ነው» አሉኝ። ከዚያ ያደረጉትን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እናንተ በስልክ ልትነግሩኝ የሚገባው ይሄ ነበር። አንድ ያረጀ የጊታር ገመድ ቆረጡ። የመሃሉን ሽቦ ከ0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጋር አገናኙት፣ የውጪውን መረብ ከፔዳሉ ኔጌቲቭ ጋር አሰሩት፣ የገመዱን ሌላ ጫፍ አምፕ ላይ ሰኩት። ካፓሲተሩ የባትሪውን ቮልት ያስቀርና ድምፁን ብቻ ያሳልፋል። እኔ ጊታሩን ስመታ እሳቸው በካፓሲተሩ እግር ከመግቢያው ጃክ ጀምረው ወደ ፊት እየነኩ ሄዱ። ቤዙ ድረስ ጊታሩ ይሰማል። ከትራንዚስተሩ ወዲያ አድጎ መውጣት ሲገባው አላደገም። ቮልት የሚለካውን መልቲሜትር አነሱ። ኮሌክተር ይሆናል የተባለው እግር ላይ የ9 ቮልቱ ግማሽ አካባቢ መነበብ ነበረበት፣ የሚነበበው ግን ወደ ሙሉው ባትሪ የተጠጋ ነው። ያን ጊዜ አጉሊ መነጽር አምጥተው ትራንዚስተሩን አነበቡት።

ነቅለው፣ አዙረው፣ መልሰው ተከሉት። ፔዳሉ ጮኸ! ሌላ ምንም አልተነካም። ያው ሶልደር፣ ያው ሬዚስተር፣ ያው የጀማሪ እጅ።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁንልኝ። ቢ-ሲ 547 መጥፎ ዕቃ ነው እያልኩ አይደለም። ለዚህ ዓይነት ፔዳል በደንብ ይሆናል፣ አሁንም እሱው ነው የሚሠራልኝ። ዕቃ ሲያልቅ በሌላ መተካትም ያለ ነው፤ እዚህ አገር የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ እንደልብ እንደማይገኝ ማንም ያውቃል። የጠየቅኩት አንዲት ብጣሽ ወረቀት ነው። «ትራንዚስተሩ ተቀይሯል፣ ከሥዕሉ በተቃራኒ አዙራችሁ ትከሉ» ብላችሁ ብትጽፉ ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይኖርም ነበር። የቀየራችሁት እናንተ ናችሁ፣ ታውቁም ነበር። አውቃችሁ ዝም ብላችሁ ጥፋቱን እኔ ላይ አላከካችሁት። ያበሸቀኝም ይሄው ነው።

ሌላም አለ፣ በአጭሩ ልበለው። መመሪያው የአዳፕተሩን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አይናገርም። የጊታር ፔዳል በአብዛኛው የአዳፕተሩ መሃል ኔጌቲቭ እንዲሆን ነው የሚፈልገው፤ ገበያ ላይ የምናገኘው አዳፕተር ግን ብዙው መሃሉ ፖዘቲቭ ነው። ፔዳሉ በተቃራኒ የገባ ኤሌክትሪክ የሚያግድ ከለላ ዳዮድ እንኳ የለውም። እኔ ባትሪ ስለተጠቀምኩ ተረፍኩ፣ ሌላው ሰክቶ ያቃጥለዋል።

ሰፈሬ ውስጥ ጊታር የሚማሩ ልጆች አሉ። ከውጭ የሚመጣ ፔዳል ዋጋው አይቀመስም፣ ስለዚህ ኪታችሁን ሊገዙ አስበው ነበር። እስክትመልሱልኝ ቆዩ ብያቸዋለሁ። እነዚህ ልጆች ገና በመጀመሪያ ሥራቸው «አልችልም ማለት ነው» ብለው እንዲተዉት አልፈልግም። እኔም ለጥቂት ነው ያልተውኩት።

ስለዚህ ይህን ኪት ለገዛ ሰው ሁሉ ዛሬውኑ መልእክት ላኩ። ስልካቸው እናንተ ጋ አለ። አንዳንዱ ይሄኔ ሶልደሩን አሥር ጊዜ እያሞቀ ይሆናል። የቀረውን ኪት ከመሸጣችሁ በፊት ሥዕሉን አስተካክሉ፣ የአዳፕተሩንም ነገር ጻፉበት። ለእኔ አዲስ ቦርድ ላኩልኝ፣ የመላኪያውን እናንተ ቻሉ። ስልክ የሚያነሳው ልጅ ደግሞ ከመፍረዱ በፊት ቢያንስ ሦስቱ እግሮች ላይ ስንት ቮልት እንዳለ ይጠይቅ።

የቦርዱን ፎቶ፣ የትራንዚስተሩን ጽሑፍ አጉልቼ ያነሳሁትን እና የክፍያውን ደረሰኝ አያይዣለሁ። ቦርዱን በዚያው በአውቶቡስ ላኩት፣ መናኸሪያ ወጥቼ እቀበላለሁ።

ደንበኛችሁ፣ ከደሴ